ከዋርካው ሥር፣ በሁለት ሰዓት

ገዳሪፍ፣ ኅዳር 9 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለእታለም የሺመቤት፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ በጤና እንዲያገኝሽ ያገራችን ታቦት ይርዳኝ። ስለ እኔ አታስቢ፤ ወባዋ ዘንድሮ ምራኛለች፣ ሥራም አለ። አዝመራ ገብቶ የገዳሪፍ ሱግ፣ ገበያው፣ በሰሊጥ ጆንያ ተጥለቅልቋል፤ ጠዋት የጨበጥኩትን መርፌ ማታ ነው የማስቀምጠው። ስምንት ዓመት ጠመኔ የያዘ እጅ ጆንያ ሲሰፋ ስለሺ ቢያይ ሦስት ቀን ይስቅብኝ ነበር። ወንድምሽን ታውቂው የለ።

ዛሬ ግን የሥራ ወሬ ላወራሽ አልጻፍኩም። መጽሐፍ አገኘሁ፣ እታለም! የወንጀል መጽሐፍ፣ የምናውቀው ዓይነት! ሱጉ ውስጥ አሮጌ ጫማና የተሰበረ ራዲዮ የሚሸጥ ሽማግሌ አለ፤ ፈረንጆቹ፣ እዚህ ኸዋጃ ነው የሚሏቸው፣ ሲሄዱ የተዉትን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ከጫማው ሥር ያነጥፈዋል። ዋጋ ልከራከር ብል መጽሐፉን ከእጄ አላስቀምጥ ስል አወቀብኝ። ሽፋኑ ተገንጥሏል፤ ሌላው ሁሉ ግን አለ። ሀብታም መበለት፣ በአበባ የተከበበ ትልቅ ቤት፣ ሻይና ኬክ፣ ሐኪም፣ አትክልተኛ፣ ውርስ የምትጠብቅ የእህት ልጅ፣ ገና በሁለተኛው ምዕራፍ ሬሳ! መርማሪው ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ነው። ጉልበቱን ያመዋል፤ ደረጃ በወጣ ቁጥር ያቃስታል። ትወጂዋለሽ።

ደንባችንን አልጣስኩም። ሦስታችን እናንተ ቤት ስናነብ እንደምናደርገው፣ የመጨረሻውን ምዕራፍ ሳላየው ለጎረቤቴ ለራሒማ ሰጥቼ ዳር ዳሩን በክር አሰፋሁት። «መጽሐፍ ደግሞ ምን በድሎ ነው አፉ የሚሰፋው?» አለችኝ። ገዳዩ ማን እንደሆነ የገመትኩትን በፖስታ አሽጌ ከውስጡ አድርጌዋለሁ። አንቺም ግምትሽን ጻፊ፤ ግምትና ግምት ፊት ለፊት ሳይገናኙ ክር አይቆረጥም። ለስለሺ ግምት የምትቀመጠዋን ባዶ ወረቀት አደራ እንዳትረሺ።

መጽሐፉን የምታመጣልሽ ያቺ በመተማ በኩል ሽቶና የባትሪ ድንጋይ የምትነግደው ሸጊቱ ናት። በፖስታ ቤት ምንም እንዳትልኪ። ስትመለስ ትንሽ ኮሰረት ብትሰጫት፣ የዚህ አገር ወጥ ሽታው ጠፍቶብኛል።

የአክስትሽ ልጅ፣ ላቀው

---

ጎንደር፣ ጥር 14 ቀን 1976 ዓ.ም.

ይድረስ ለላቀው፣

እንደምን ባጀህ? እኔ አለሁ፤ ጉልበቴ እንደ ፖስተኛህ ደረጃ ሲያይ ያቃስታል እንጂ ሌላ የሚነገር የለኝም። እግዜር በሰው አገር ይጠብቅህ። ኮሰረቱን ልኬልሃለሁ፣ ሸጊቱ መንገድ ላይ ካልሸጠችው።

መጽሐፉን በሁለት ቀን ጨረስኩት። አንዱን ቀን ትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብዬ፣ የሶሻሊዝም መጽሐፍ ሽፋን አልብሼው ነው ያነበብኩት። ዩኒት ሊደሩ በአጠገቤ ሲያልፍ «ጓድ የሺመቤት፣ ንቃትሽ ያስቀናል» አለኝ። እኔ እኮ ያችን መበለት ማን ገደላት እያልኩ ነበር!

ይህን ዓይነት መጽሐፍ ለምን እንደምወድ ታውቃለህ? አንድ ሰው ይሞታል፤ ለዚያ ለአንድ ሰው አገር ምድሩ ሥራ ፈትቶ «ማን ገደለው?» ይላል። ፖሊሱ ባርኔጣውን አውልቆ የሟች ቤተሰብ ያጽናናል። በመጨረሻ ሁሉም አንድ ክፍል ይሰበሰቡና እውነቱ ይነገራል። የኔን ወንድም ማን ጠየቀልኝ? ሬሳውን አላየሁ፣ እርሜን አላወጣሁ፣ ለቅሶ እንኳ ተቀምጠሽ ብትገኚ ተባልኩ። ከነገ ወዲያ ጥር 16 ስድስት ዓመቱ ነው። ባዶዋን ወረቀት በቦታዋ አስቀምጬ ሳነብ፣ ያው እንደ ልማዱ በትከሻዬ አሾልቆ እያየ «ቀስ በይ እንጂ፣ ገጹን አልጨረስኩም» ያለኝ መሰለኝ። መግለጤን ትቼ ጠበቅሁት። ሳቅብኝ ከፈለግህ።

ደራሲው ግን አጭበርብሮናል! እኔ «ሐኪሙ ነው» ብዬ ጻፍኩ። መበለቷ ስትወድቅ የጠረጴዛው ሰዓት አብሯት ወድቆ ዘጠኝ ላይ ቆሟል። በዘጠኝ ሰዓት፣ ፀሐይ ገና ሳትበርድ፣ ሐኪሙ ብቻውን በብስክሌት ሲዞር ነበር። ክሩን ብቆርጥ «የእህቷ ልጅ ናት፣ ሐኪሙማ በዘጠኝ ሰዓት ከስድስት ሰው ጋር እራት ላይ ነበር» ይለኛል። በዘጠኝ ሰዓት እራት የሚበላ የምን ጉድ ነው?

አሁን የሆዴን ልንገርህ። የአጥሬ ጎረቤት ካሣ ታሟል፤ ጉበት ነው አሉ። በዚያን ጊዜ የመተማ ጭነት መኪና ረዳት እንደነበር፣ ኋላም የቀበሌ ዘበኛ እንደሆነ ታውቃለህ። ስለሺ ድንበር ሊሻገር ሲል በተያዘ በሳምንቱ ደጄ መጥቶ «እት የሺ፣ ጠዋት በሁለት ሰዓት ከመተማው ዋርካ ሥር ቆሞ አይቼው ነበር» አለኝ። በሩን ፊቱ ላይ ዘጋሁት። «ማክሰኞ በሁለት ሰዓት ከዋርካው ሥር» ብለህ የላክሃትን ወረቀት ያየነው አንተ፣ እኔና ስለሺ ብቻ ነን። ካሣ ሁለት ሰዓትን ከየት አመጣው? ገዳይ ሁልጊዜ የሚያዘው ማወቅ የማይገባውን ሲናገር አይደል? ከዚያ ወዲህ እግዜር ይማርህ እንኳ ብዬው አላውቅም። ዘንድሮ ሽማግሌ ልኮ «አደራ አለብኝ፣ ታናግረኝ» ይላል። ሊናዘዝ ነው፤ እኔ ደግሞ ማርኩህ ማለት አልችልም።

አንተስ? ስድስት ዓመት ስለ መበለትና ስለ ሐኪም ስንጻጻፍ ስለ ስለሺ ግምትህን ጽፈህልኝ አታውቅም። አሁን ሌላ መጽሐፍ አልጠይቅህም። እሱን ጻፍልኝ።

የሺመቤት

---

ገዳሪፍ፣ የካቲት 20 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለእታለም የሺ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስ፣ ለጉልበትሽም ምሕረት ያውርድልሽ። ኮሰረቱ ደርሷል፤ ራሒማ ሸትታው «ይሄ መድኃኒት ነው ወይስ ሽቶ?» ብላ ግማሹን ወሰደችብኝ።

ግምቴን ስለጠየቅሽኝ እጽፋለሁ። የኔ ሰውዬ ካሣ አይደለም፤ ያዕቁብ ነው። ድንበር የሚያሻግረውን ያዕቁብን ማለቴ ነው። እኔ ወደዚህ ከተሻገርኩ ገና ሁለተኛ ሳምንቴ ነበር። ስለሺን አምጣልኝ ብዬ ለመንኩት፤ «ማክሰኞ፣ ሳዓ ኢትኔን፣ ከዋርካው ሥር» አለኝ። ዓረብኛው እንዳያመልጠኝ በጣቴ ሁለት አሳየኝ። እኔም ሁለት ሰዓት ብዬ ጽፌ በሸጊቱ ላክሁ። ኋላ «በሰዓቱ መጥቼ ማንንም አላገኘሁም» ሲለኝ ዋሽቶኛል አልኩ። ሸጧል አልኩ። ይኸው ስድስት ዓመት አንድ ሱግ እየዋልን ሰላምታ ነፍጌዋለሁ። ሲያየኝ እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል፣ እኔ ፊቴን አዞራለሁ።

ይህን እዚህ እንተወውና ልሳቅብሽ! ደራሲውን አጭበርባሪ ማለትሽ ሆዴን አሳመመኝ። እታለም፣ ዘጠኙ እኮ የኸዋጃ ዘጠኝ ነው! የነሱ ሰዓት ከእኩለ ቀንና ከእኩለ ሌሊት ነው የሚቆጠረው። የነሱ ዘጠኝ በእኛ ምሽት ሦስት ሰዓት ነው፤ ሐኪሙ እራት ቢበላ ምን ይገርማል? ይሄን ሁሉ መጽሐፍ ያነበበች ሴት! እዚህም ቢሆን ሱዳኖቹ እንደ ኸዋጃው ነው የሚቆጥሩት፤ የእኛ ሰው እስኪለምደው ስንት ቀጠሮ

ሸጊቱ ልትነሳ ነው። እዚህ ላይ ላቁም።

ላቀው

---

ጎንደር፣ ሚያዝያ 26 ቀን 1976 ዓ.ም.

ላቀው፣

ደህና ነህ? ወንድሜ፣ እውነት ደህና ነህ? ደብዳቤህ መሃል ላይ ተቆርጦ ደረሰኝ። ሸጊቱን «ምነው አጣደፍሽው?» ብላት «እኔ? ያን ቀን ጀንበር እስክትጠልቅ ቁጭ ብዬ ጠብቄዋለሁ። ብዕሩን እንደያዘ ግድግዳ ሲያይ ነበር» አለችኝ። ሁለት ወር አለፈ። ብታመም እንኳ በሰው እጅ ታጽፍ ነበር። የደበቅኸኝ ነገር አለ።

በሰዓቱ ነገር ሳቅብኝ፣ ይገባኛል። እኔም ስቄያለሁ።

ካሣ ሁለተኛ ሽማግሌ ልኮ ነበር። አሁን ውሃ እንኳ አልወርድ እያለው ነው አሉ። «አደራዬን በእጄ ላስረክባት፣ በሌላ ሰው እጅ አልሰጥም» ይላል። የምን አደራ ነው? ሰው አሳልፎ የሰጠ ሰው የምን አደራ ያውቃል? ሚስቱ ውዴ በአጥሩ ቀዳዳ ስታየኝ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ልቤ ትንሽ ሸፈተ፣ ያንተን ቃል እስካይ ብዬ ያዝኩት። አንድ ነገር ብቻ በለኝ፤ ካሣ ነው ወይስ ካሣ አይደለም?

የሺመቤት

---

ገዳሪፍ፣ ሰኔ 6 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለእታለም የሺመቤት፣

እንደምን አለሽ ለማለትም አፈርኩ። ግምትህን ጻፍልኝ ብለሽኝ ነበር፣ ጽፌዋለሁ። እነዚህን ሁለት ወረቀቶች አጥፌ በጆንያ ክር ሰፍቼአቸዋለሁ። ራሒማ አይደለችም የሰፋችው፣ እኔው ነኝ። ክፍቱን ልልከው ብዬ ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፣ እጄ እምቢ አለኝ። እንደ ደንባችን ግምትሽን ጻፊና ክሩን ቁረጪው። ዝናቡ ጀምሯል፤ ይህ ጥቁር አፈር አንዴ ከጨቀየ እስከ መስከረም መኪናም አህያም አያሳልፍም። አትዘግዪ።

ላቀው

(የተሰፋው)

የሺ፣ ገዳዩ እኔ ነኝ።

ያን ደብዳቤ እየሳቅሁ ስጽፍ «ስንት ቀጠሮ» የምትለዋ ላይ ብዕሬ ቆመ። በማግስቱ ያዕቁብ ቤት ሄድኩ። በስድስት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያዬ ነው። በራፉ ላይ ቆሜ «ያን ማክሰኞ ስንት ሰዓት ነው የመጣኸው?» አልኩት። «ሳዓ ኢትኔን» አለኝ። «ጠዋት ነው ቀን?» ብለው ግራ ገባው። «ዙህርን ሰግጄ ነዋ! ፀሐይዋ ከአናት ዘንበል ስትል።» በእኛ ስምንት ሰዓት ማለት ነው። እውነቱን ነበር፤ በሰዓቱ መጥቶ ማንንም አላገኘም። ስለሺን በስድስት ሰዓት የኬላው ወታደሮች ወስደውት ነበር። ሲወስዱት ሸጊቱ ከገበያ ስትመለስ አይታለች።

እኔ ነኝ። ዓረብኛውን ወደ አማርኛ መለስኩ፣ ሰዓቱን ግን አልመለስኩም። ልጁን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ገላጣ ሜዳ ላይ አቆምኩት። አንቺ መጽሐፍ ላይ የሠራሽውን ስህተት እኔ በሰው ላይ ሠራሁት።

ካሣ ሰዓቱን ከማንም አላወቀም፣ የሺ። ጠዋት በዚያ ሲያልፍ ቆሞ አየው፣ ያየውን ነገረሽ፣ በቃ። አሳልፎ የሰጠ ሰው የለም። ይህን እንዳነበብሽ፣ ነጠላሽን እንኳ ሳታስተካክዪ፣ ካሣ ጋ ሂጂ።

ያዕቁብ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? እግሩ ላይ ወድቄ ሳለቅስ ጎትቶ አነሳኝና «ስድስት ዓመት በየመንገዱ ሰላም ያልኩህ አንድ ቀን ትመልስልኛለህ ብዬ ነው» አለኝ። ይኸው ከዚያ ቀን ወዲህ ሌሊቱ አይነጋልኝም። ቀን ግን ይብሳል፤ ጀንበር ወጥታ ዕቃ ሲጫን፣ በእኛ ሁለት ሰዓት ሲሆን፣ ስለሺ ከሱጉ ማዶ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። በየቀኑ። እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ አለ።

---

ጎንደር፣ ነሐሴ 19 ቀን 1976 ዓ.ም.

ላቀው፣

ሸጊቱ ከመስቀል በፊት አልሻገርም ብላለችና ይህ መቼ እንደሚደርስህ እንጃ። የተሰፋው ወረቀት እጄ ላይ ነው። ግምቴን በቀለም ጽፌ ከላዩ አድርጌዋለሁ፤ «ካሣ» ይላል። ክሩን ግን አልቆረጥኩም። ያንተ ግምት ከላይ የለም፣ ከውስጥ ነው። ግምትና ግምት ፊት ለፊት ሳይገናኙ ክር አይቆረጥም፤ ይህን ደንብ ያወጣኸው አንተ ነህ። ግምትህን ለብቻው ላክልኝ፣ ያን ጊዜ እቆርጠዋለሁ።

ትናንት ሦስተኛ ሽማግሌ መጣ። የንስሐ አባቱ ራሳቸው ናቸው የመጡት፤ በዝናቡ፣ በጃንጥላ። «ልጄ፣ ሰውየው ነፍሱ አልወጣ ብላው ነው፣ ደጁን ርገጭለት» አሉኝ። «አባቴ፣ በመጨረሻው ምዕራፍ ገዳይ ሁሉ እንዲህ ይለማመጣል» አልኳቸው። ምን እንዳወራሁ አልገባቸውም። አማትበው ሄዱ።

ማታ ወረቀቱን ትራሴ ሥር አድርጌ ስተኛ ያ የስለሺ ድምፅ መጣ። «ቀስ በይ» አላለኝም። «ቶሎ በይ» ነው ያለኝ። ተነስቼ መቀስ ያዝኩ፣ መልሼ አስቀመጥኩት።

የሺመቤት

---

ጎንደር፣ መስከረም 20 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለላቀው፣

ባለህበት አንድዬ ያጽናህ። እኔንም እንዲያጸናኝ ጸልይልኝ፣ ከፈቀደ።

ካሣ ነሐሴ 27 ሞተ። ለቅሶ አልሄድኩም። አጥር ለአጥር ሆኜ፣ ድንኳኑ የኔን ግድግዳ ተደግፎ ተተክሎ፣ አልሄድኩም። ቀባሪው ሲመለስ ሰው ሁሉ ደጄን አየ። በማግስቱ ውዴ ስታለቅስ «አደራህን ሳታስረክብ፣ አደራህን ሳታስረክብ» ስትል በግድግዳው በኩል ሰማኋት። ያን ጊዜ ነው መቀሱን ያነሳሁት።

አነበብኩት፣ ላቀው። ሁለት ወር ተኩል ትራሴ ሥር ነበር። በነሐሴ የጻፍኩልህን አትመነው፤ ደንብ አልነበረም። ፈርቼ ነው። ካሣ ካልሆነ ስድስት ዓመት የዘጋሁት በር ምን ሊባል ነው? ያን ፈርቼ ነው የጆንያ ክር እንደ መቆለፊያ የያዝኩት። ሰው እየሞተ።

በሠልስቱ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ሄድኩ። ውዴ በሩ ላይ ቆማለች። «ዛሬ መጣሽ?» አለች። ገብታ ከጣራው ማገር መሃል በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አውጥታ መጣች። ካሣ የነገራትን ነገረችኝ፤ ያን ማክሰኞ መኪናቸው በሁለት ሰዓት በዋርካው ሥር አልፏል፤ በአራት ሰዓት ሲመለሱ ስለሺ አሁንም እዚያው ቆሟል። ካሣ ወርዶ «ልጄ፣ ኬላው ቅርብ ነው፣ ምን ታደርጋለህ እዚህ?» ብሎ የራሱን ውሃ አጠጣው። ና መኪናው ላይ ልደብቅህ ቢለው «የቀጠርኩት ሰው አለ» አለው። ከዚያ የመኪናው አፍንጫ ላይ ተደግፎ ቁራጭ ወረቀት ጻፈና «ለእህቴ በእጅህ ስጥልኝ» አለው። ካሣ ደጄ የመጣው ይህን ሊሰጠኝ ነበር። «አይቼው ነበር» ከማለቱ ዘጋሁበት። ማንበብ አይችልም፣ ምን እንዳለበት አላወቀም። ዘበኛ ሆኖ እንኳ የተፈላጊ ሰው ጽሑፍ ጣራው ውስጥ ደብቆ ስድስት ዓመት ኖረ። «በእጄ ተብያለሁ» እያለ ነው የሞተው። «እንግዲህ በኔ እጅ ተቀበይ፣ ሌላ እጅ የለም» አለችኝ ውዴ።

ስለሺ ሲሄድ ያልጨረስነው፣ እስከ ዛሬ እንደተሰፋ ሳጥኔ ውስጥ ያለ መጽሐፍ ትዝ ይልሃል? የዚያ ግምት ነው የላከልኝ። እንዲህ ይላል፤

«እት የሺ፣ የመጽሐፋችን ገዳይ ጠበቃው ነው፣ እኔን ስሚኝ። የኛ ላቀው ደግሞ ሰዓት ተምታቶበታል መሰለኝ። ‹ሁለት› ያለው የነሱን ሁለት ይሆናል፣ ማለት በእኛ ስምንት። ገና አራት ሰዓት ነው። ማሽላው ታጭዶ የምሸሸግበት የለም፤ ከዚህ ብሄድም ያዕቁብ ያጣኛል፣ ስለዚህ እጠብቃለሁ። የኔታ ላቀው ሰዓት መቁጠር አቃታቸው! ስሻገር ጉድ ነው የማፈላበት። አንቺ ግን እንዳትነግሪው፣ እኔው ራሴ ልሳቅበት።»

ያንን መጽሐፍም ቆረጥኩት። ጠበቃው ነው። ከሦስታችን ልክ የገመተ እሱ ብቻ ነው።

ወረቀቱን በሸጊቱ ልኬልሃለሁ፣ ያንተ ነው። ጠዋት ከሱጉ ማዶ ሲቆም አውጥተህ አንብበው፤ አውቆብሃል፣ አልተቀየመህም፣ እየሳቀብህ ነበር። እኔ ግን ከካሣ እንዲህ ያለ ወረቀት ከየት አመጣለሁ?

እህትህ የሺመቤት